ቮልሴ አጋሮ ሳትደርስ ለምን ትጠፋብኛለች?

ሰላም ለቤቱ። የምኖረው ጅማ፣ ሄርማታ ነው። እ.ኤ.አ. የ1965 ስሪት የሆነች ቮልስ አለችኝ። ሞተሯ 1200፣ ኤሌክትሪኳ ዛሬም ባለ 6 ቮልት፣ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተሯ ሶሌክስ 28 ፒክት ነው። ከአባቴ የወረስኳት ናትና ሽጣት የሚል ምክር ያለው ሰው እባኩን ይለፈኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ማለዳ እናቴን ልጠይቅ አጋሮ እሄዳለሁ። መንገዱ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከተማ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ብዞርባት ምንም አትልም። ከከተማ ስወጣ ግን የሆነ ቦታ ላይ ጉልበቷ ይከዳታል። ነዳጅ ስሰጣት ትንተፋተፋለች፣ ትንሽ ትስባለች፣ መልሳ ትተወዋለች፣ በመጨረሻ ቀስ ብላ ትጠፋለች። ዳር አስይዣት ሩብ ሰዓት ያህል ስጠብቅ ምንም እንዳልነካት ሆና ትነሳለች። አንዳንዴ መንገድ ላይ ያለችው ይቡ ከተማ እንኳ ሳልደርስ ነው የምትቆመው፣ አንዳንዴ አጋሮ ልገባ ስል። አብዛኛውን ጊዜ ዳገት ላይ ነው። የጀመራት ሰኔ ላይ ነው።

እስካሁን የብልጭታው ዕቃዎች፣ ካንዴላ፣ ፑንቲናና ኮንዴንሰር፣ ተቀይረዋል። ካርቡሬተሩ ሁለት ጊዜ ወርዶ ታጥቧል። የቤንዚን ፓምፑም ከአዲስ አበባ በመጣ አዲስ ተተክቷል። ከኪሴ በቀር የተለወጠ ነገር የለም። ከየት ልጀምር?

*

ይህን የመኪና መድረኩ ላይ ከለጠፍኩ አንድ ወር አለፈው። መልሱ 31 ደርሷል። እኩሌታው ስለ ቮልስ ነው፣ እኩሌታው ስለ ቡና፣ ስለ ጣሊያንና ስለ ሰው ጠባይ። አርፍዶ ለሚመጣ ሰው እንዲቀለው በየቁጥሩ እየጠራሁ ልተርከው። መተረክም የሚገባኝ እኔን ነው፤ ለምን እንደሆነ ቁጥር 22 ላይ ይታያል።

ቁጥር 1 ምክር አልነበረውም። ቀለሟን ጠየቀ፣ ፎቶ ለመነ። ሰማያዊ ናት፣ ፎቶውን አላስገባሁም።

ቁጥር 2 ግን ረጅም ነበር። የጻፉት ሰው የአዲስ አበባና የጅማ መስመር የድሮ ሹፌር ናቸው። ከወልቂጤ ቁልቁል ወርደው፣ ጊቤን ተሻግረው፣ ወደ አበልቲ ሽቅብ ሲወጡ ቤንዚን የሚጠጣ መኪና ሁሉ ስንት ጊዜ እንደቆመባቸው አወሩ። እንደ እርሳቸው አባባል ሙቀቱ ቤንዚኑን ፓምፑና ቱቦው ውስጥ እንዳለ ያፈላዋል። ፓምፑ ደግሞ የተሠራው ፈሳሽ ሊገፋ እንጂ እንፋሎት ሊገፋ አይደለም፤ ባዶውን ይመታል። መድኃኒቱ በጀሪካን ውኃ ይዞ መሄድና ፓምፑ ላይ እርጥብ ጨርቅ መጣል ነው። ቱቦው ላይ የእንጨት የልብስ መቆንጠጫ ደርድር የሚልም ጨምረዋል። አጻጻፋቸው ስለጣመኝ ያን ዕለት ማታ ጨርቅ አዘጋጅቼ እንደነበር አልደብቅም።

ቁጥር 3 ተስማማ፤ እርጥብ ጨርቅ እርሱንም አድኖታል። ጅማ ከባሕር ጠለል 1,750 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውኃ እንኳ እዚህ 94 ዲግሪ ላይ እንደሚፈላ፣ ቤንዚንም እንደዚሁ ከቆላው ቀድሞ እንደሚተን አስረዳ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ሰው ጨዋ ነበር።

ቁጥር 4 ጨዋነቱን ሳይለቅ ነገሩን አፈረሰው። ሹፌሩን በአክብሮት ጠርቶ፣ የጊቤው ታሪክ እውነት መሆኑን መስክሮ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ችግሩ የጀመረው ሰኔ ላይ ከሆነ፣ የምሄደውም ማለዳ ከሆነ፣ በጅማ ክረምት፣ በጭጋግ፣ ዝናብ እየወረደ ቤንዚን የሚያፈላው የትኛው ሙቀት ነው? ስለ መቆንጠጫው ደግሞ እንጨት ሙቀት የማያስተላልፍ ነገር ስለሆነ ቱቦውን ከማስጌጥ ያለፈ ሥራ እንደሌለው ጻፈ። ሹፌሩ ዳግመኛ አልጻፉም። ደስ አላለኝም፤ ዕድሜያቸውን መንገድ ላይ የጨረሱ ሰው ናቸው።

ቁጥር 5 በአንድ መስመር ፈረደ፤ ዳገት ላይ ቤንዚኑ ወደ ሞተሩ መድረስ ያቅተዋል። ቁጥር 6 ይህን አይቶ አልቻለም። የቮልስ ሞተር ከኋላ፣ የቤንዚኑ ታንክ ከፊት ኮፈኖው ሥር መሆኑን ሳያውቁ መልስ የሚሰጡ ሰዎች መድረኩን እንዳበላሹት በቁጣ ጻፈ። ቁጣው በዛ እንጂ ሐሳቡ ትክክል ነው። ዳገት ላይ ታንኩ ከሞተሩ በላይ ስለሚሆን ቤንዚኑ ቁልቁል ይወርዳል፤ ቮልስ በዚህ ከሌላው መኪና ተቃራኒ ናት። ዳገት ላይ የምትቆመው ቤንዚኑ ስለማይወጣ ሳይሆን ሞተሩ የሚፈልገው መጠን ስለሚጨምር ነው። ቀስ ብሎ የሚያንስ ነገር መጀመሪያ የሚታወቀው ጉልበት ሲጠየቅ ነው።

ከሁሉ አስቀድሜ ላነበው የሚገባኝ ግን ቁጥር 7 ነበር። ሰውየው ስለ ራሱ መኪና አላወራም፣ ምንም ግዛም አላለኝም። መጀመሪያ የቤንዚን ጉዳይ ይሁን የእሳት፣ ማለትም የብልጭታው፣ ለይ አለኝ። የእሳት ችግር፣ በተለይ ሲግል የሚሰንፍ ኮይል (ለብልጭታው ኤሌክትሪኩን የሚያጎለብተው)፣ ልክ ቁልፍ እንደመዝጋት ሞተሩን በአንድ ጊዜ ቀጥ ያደርገዋል። ቤንዚን ያጠረው ሞተር ግን እያነከሰ፣ እየሳበ እየለቀቀ ነው የሚሞተው። የኔ ገለጻ ወደ ሁለተኛው ያደላል፤ ነገር ግን በገለጻ አትመን ብሎ ፈተና ሰጠኝ። በጠፋችበት ቦታ፣ ሳልጠብቅ፣ ከካርቡሬተሩ ላይ ዘይት የሚቀመጥበትን የአየር ማጣሪያ ላንሳና ወደ ጉሮሮው እያየሁ የነዳጅ መስጫውን ክንድ በእጄ ልግፋ። ቀጭን የቤንዚን መስመር ፊጭ ካለ ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን አለ፣ እንግዲያው ብልጭታውን ልመርምር። ደረቅ ከሆነ ግን ቤንዚኑ እዚያ አልደረሰም፣ ካንዴላና ፑንቲና መቀየሬንም ልርሳው።

ቁጥር 8 የኔ ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ይቡ ሳልደርስ ቆመች። ዝናብ ላይ ቆሜ ማጣሪያውን አነሳሁ፣ ክንዱን ገፋሁ። ደረቅ። ሦስቴ ገፋሁ፣ ደረቅ። ሩብ ሰዓት ጠብቄ ካስነሳኋት በኋላ ደግሜ ሳየው እንደ ምንጭ ይፈሳል።

እንግዲህ ነገሩ ቤንዚን መሆኑ ከታወቀ በኋላ ክሩ፣ ማለት የመልሶቹ ሰንሰለት፣ ጸጥ ይላል ብዬ ነበር። ጦርነቱ የተጀመረው ከዚያ ነው።

ቁጥር 9 የጋራዥ ባለቤት እንደሆነ ተናግሮ፣ የድሮውን ፓምፕ አውጥቼ ጥዬ የኤሌክትሪክ ፓምፕ እንዳስገባ፣ ካርቡሬተሩንም በአዲስ እንድቀይር መከረኝ። ሁለቱንም እርሱ ዘንድ አገኛለሁ። ቁጥር 10 ወዲያው ጠየቀው፤ መኪናዋ 6 ቮልት መሆኗን አንብቧል ወይ? ገበያ ላይ የሞላው ፓምፕ ባለ 12 ነው፤ በ6 ቮልት ቢያያዝ ያቃስታል እንጂ በቅጡ አይስብም። ቁጥር 11 ደግሞ ነገር ሊያበርድ ይሁን ሊያባብስ እንጃ፣ የእርሱ ዘመድ ከአዲስ መኪና ታንክ ውስጥ የወጣ የኢንጀክሽን (ቤንዚን በግፊት የሚረጭ) ፓምፕ ቮልስ ላይ አስገብቶ ሲነዳ እንዳየ ጻፈ።

ቁጥር 12 እዚህ ላይ ነው የጮኸው። የቮልስ ፓምፕ ግፊቱ ከ0.2 ባር ብዙም አይርቅም፤ የኢንጀክሽን ፓምፕ 3 ባር ይገፋል። ያ ግፊት የቤንዚን መግቢያውን የሚከፍትና የሚዘጋውን የካርቡሬተሩን መርፌ ከመቀመጫው ያነሳዋል። ቤንዚኑ በጋለ ሞተር ላይ፣ በዲናሞውና በኮይሉ ላይ ይፈሳል። የቮልስ ሞተር አካል ደግሞ ከማግኒዥየም ቅይጥ የተሠራ ነው፤ አንዴ ከተያያዘ ውኃ ቢያፈሱበት ይብስበታል። ዘመድህ ዕድለኛ ነው፣ አንተ ግን ሰው ታስገድላለህ በሚል ዓይነት ቃል ነው የጨረሰው። ቃሉ መረረ፤ ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ክር ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ያዝ ብባል የምይዘው ይህን ነው።

ቁጥር 13 የጋራዡ ሰው ተመልሶ ነው፤ ተቆጥቷል። መድረኩ ላይ ያሉት ቁልፍ ይዘው የማያውቁ የመጽሐፍ መካኒኮች ናቸው፤ ድሮ የተሠራ መኪና ደግሞ ዕቃው ስለቆመ በአዲስ ነገር ካልተተካ መንገድ ዳር መቅረቱ ነው። ቁጥር 14 ስድቡን ትቶ ዕቃው ቆመ የሚለውን ብቻ አረመው። ጀርመን ውስጥ መደበኛዋን ቮልስ ማምረት የቆመው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፤ ሜክሲኮ ውስጥ፣ ፑዌብላ፣ የመጨረሻዋ ቮልስ ከፋብሪካ የወጣችው ግን በሐምሌ 2003 ነው። በጠቅላላው ከ21 ሚሊዮን በላይ የተመረተ መኪና ዕቃው በቀላሉ አይጠፋም። የጋራዡ ሰው መልስ አልሰጠም። ለፍትሕ ያህል ልናገር፤ ካርቡሬተር ሁለት ጊዜ አሳጥቤ ፓምፕ ያስቀየርኩት እኔ ሌላ ጋራዥ ነው፣ እርሱ ጋ አይደለም። እዚያም ቢሆን የጠየቅኳቸውን ሠሩልኝ፤ ምን እንደሆነች ግን ማንም አልጠየቀኝም።

ከ15 እስከ 18 ያለው መንገድ ስቷል፣ ግን ደስ ይላል። ቁጥር 15 ማደያ ላይ ሰልፍ ሲረዝም ከመንገድ ዳር በጀሪካን የሚገዛውን ቤንዚን አነሳ። ነጭ ጋዝ ይቀላቀልበታል፣ ውኃም ይገባበታል። መፈተኛው ቀላል ነው፤ በንጹሕ ጠርሙስ ቀድቶ አሳድሮ ማየት፣ ውኃ ካለ ከሥር ይተኛል። ለጋዙ ደግሞ ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ ጣል ማድረግ፣ ንጹሕ ቤንዚን ተኖ ወረቀቱን ደረቅ ሲተወው ጋዝ ያለበት የቅባት ቀለበት ይተዋል። ቁጥር 16 በ2001 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የመጣ ኢታኖል በ5 በመቶ መቀላቀል እንደተጀመረ አስታውሶ፣ ኢታኖል የድሮ ጎማ ቱቦን እንደሚያሳብጥና ውኃን ወደ ራሱ እንደሚስብ ተናገረ። ጠርሙሱን ሞከርኩት፤ የኔ ንጹሕ ነበር።

ቁጥር 17 ማደያ የሚለውን ቃል ይዞ ወደ አጂፕ ሰፈር ሄደ። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከጣሊያኑ የነዳጅ ኩባንያ ማደያ መሆኑን ስንቱ የጅማ ልጅ ያውቃል ሲል ጠየቀ። ቁጥር 18 ከዚያ ቀጠለ፤ ጅማ በጣሊያን ጊዜ የአንድ ትልቅ ግዛት ዋና ከተማ እንደነበረች፣ ፈረንጅ አራዳም እስከ ዛሬ በስሙ እንዳለ፣ የመካኒኮቻችንም አፍ ካንዴላ፣ ፑንቲና፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ማርሚታ፣ ሞተሪኖ እያለ ሳያውቅ ጣሊያንኛ እንደሚያወራ ዘረዘረ። የጀርመን መኪና በጣሊያንኛ የሚጠግን ኢትዮጵያዊ መሆናችን አሳቀኝ።

ቁጥር 19 የጻፉት ጡረታ የወጡ መካኒክ ናቸው፤ ፈረንጅ አራዳ ነው የሚኖሩት። ከዚህ በኋላ ጋሼ እላቸዋለሁ። ጋሼ ማንንም አልተቹም። ከካርቡሬተሩ ወደ ታንኩ ሳይሆን ከታንኩ ወደ ካርቡሬተሩ ሂድ አሉኝ፤ ቤንዚኑ በሚሄድበት መንገድ አብረኸው ሂድ። የታንኩ ክዳን፣ መተንፈሻው፣ ከታንኩ ሥር ያለው ወንፊት፣ በመኪናዋ መሐል በዋሻው ውስጥ የሚያልፈው የብረት ቱቦ፣ ከማርሽ ሳጥኑ አጠገብ የሚቀጥለው የጎማ ቱቦ፣ ፓምፑ፣ የፓምፑ ወንፊት፣ መጨረሻ ላይ መርፌው። ሁሉም ሰው ከመጨረሻው የሚጀምረው እጁ መጀመሪያ እዚያ ስለሚደርስ ነው።

ስለ አዲሱ ፓምፕም ጥርጣሬ ነበራቸው። ፓምፑን የሚገፋው ዘንግ ዲናሞ ባላቸው ሞተሮች ላይ 108 ሚሊ ሜትር ነው፤ ኋላ በመጡት ኦልተርኔተር ባላቸው ላይ 100። የአንዱን ፓምፕ ከሌላው ዘንግ ጋር ያጋባ ሰው ወይ በቅጡ የማይስብ ወይ ራሱን የሚሰብር ፓምፕ ያገኛል። ዘንጉ ከፍ ሲል ከመቀመጫው በላይ 13 ሚሊ ሜትር መታየት አለበት፣ ምቱ 4 ገደማ ነው፣ ሾጣጣው ጫፍ ወደ ሞተሩ ነው የሚገባው። ካርቡሬተሩ ጋ ያለውን ቱቦ ነቅሎ ጠርሙስ ውስጥ አስገብቶ ሞተሪኖውን (ማስነሻውን) ማዞርም ሌላው ነው፤ ቤንዚኑ እንደ ልብ ትርታ እየቆጠረ ሊረጭ ይገባል።

ቁጥር 20፣ እኔ። ከጎረቤቴ ልጅ ጋር ዘንጉን አወጣን፤ 108 ነው። ከፍታውን ለካን፤ 13 ሊሞላ ለጥቂት። ጠርሙሱ ውስጥ ደጅ ላይ ጥሩ አድርጎ ረጨ። ያን ዕለት ተስፋ ቆረጥኩ። ደጅ ላይ ሁሉም ነገር ደህና ነው፣ መንገድ ላይ ብቻ ነው የሚታመመው።

ከዚያ ቁጥር 21 መጣ። የፊዚክስ መምህር ነው፤ መኪና እንደሌለው፣ ነድቶም እንደማያውቅ አስቀድሞ ተናገረ። ጥያቄው አንድ ብቻ ነበር። ይቡ ሳልደርስ የምትቆምባቸውና አጋሮ ልገባ ስል የምትቆምባቸው ቀናት ልዩነታቸው ምንድን ነው? ታንኩ ሞልቶ ነው ወይስ ጎድሎ?

ማንም ያልጠየቀኝ ይህን ነው። እኔም ራሴን አልጠየቅኩም።

ቀጥሎ ሒሳቡን ሠራው። ታንኩ 40 ሊትር ይይዛል እንበል፣ ጥግ ድረስ ተሞልቶ ከላይ የቀረው አየር 3 ሊትር ነው እንበል። አየር የሚገባበት ቀዳዳ ከሌለ፣ አንድ ሊትር ቤንዚን ሲወጣ 3 ሊትሩ አየር የ4 ሊትር ቦታ መሙላት አለበት፤ ግፊቱ ሩብ ያህል ይወርዳል። አንድ ሊትር ማለት ለቮልስ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደካማው የቮልስ ፓምፕ ከዚህ ጋር ጉተታ አይችልም። ታንኩ ግማሽ ከሆነ ግን ከላይ 20 ሊትር አየር አለ፤ አንድ ሊትር ቢወጣ ግፊቱ የሚወርደው 5 በመቶ አካባቢ ብቻ ነው፣ መኪናዋም ብዙ ትሄዳለች። ስትቆም ቀስ እያለ ከየስንጥቁ አየር ይገባል፣ ሩብ ሰዓት ያህል ይበቃዋል፣ ትነሳለች። ስለዚህ ሲሞላ ቶሎ፣ ሲጎድል ዘግይቶ የምትቆም ከሆነ ታንኩ መተንፈስ አቅቶታል። ስትቆም ክዳኑን ክፈተው፣ አድምጥ ብሎ ጨረሰ።

አሁን ቁጥር 22፣ የኔ ኑዛዜ።

ቤንዚን በተገኘ ቀን አፍ እስከ አፍ አስሞላለሁ፤ ሰልፉ ሲከፋ በያዝኩት እወጣለሁ። ወደ ኋላ ሳስብ፣ ይቡ ሳልደርስ የቆምኩባቸው ቀናት ሁሉ ያስሞላሁባቸው ናቸው። ሁለተኛው ነገር ደግሞ የሚከተለው ነው። እናቴ ከአጋሮ ስመለስ ሁልጊዜ ቡና ትሰጠኛለች፤ ቡናውን የምጭነው ከፊት ኮፈኖው ሥር፣ የታንኩ ክዳን አጠገብ ነው። ግንቦት ላይ ባለቤቴ ቡናው ቤንዚን ቤንዚን ይላል ብላ ልታፈሰው ስትነሳ፣ የክዳኑን አፍ በሁለት እጥፍ ፌስታል ጠቅልዬ ክዳኑን በላዩ ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁት። ሽታው ጠፋ። እኔም ረሳሁት። ሰኔ ላይ መኪናዋ መቆም ጀመረች። ክሩን ስከፍት ስለ ካንዴላ ስጽፍ፣ ስለ ኮንዴንሰር ስጽፍ፣ ስለ ፌስታሉ አልጻፍኩም። ዕቃ መስሎ አልታየኝም።

ቁጥር 23 እስኪበቃው ሳቀብኝ። ፓምፕ በገንዘብ፣ ፌስታል በነፃ የሚል ነገር ነው ያለው። ይገባኛል።

ቁጥር 24 ግን በዚህ መርካት አልፈለገም። የ1965 ቮልስ አየር የሚያገኘው በክዳኑ ሳይሆን ከታንኩ አንገት ወጥታ ወደ ታች በምትሄድ ቀጭን የመተንፈሻ ቱቦ ነው፣ ስለዚህ ፌስታሉ ንጹሕ ነው፣ መምህሩም ተሳስቷል ሲል ደመደመ። ጨምሮም ቤንዚን ዝም ብሎ የማይቀመጥ ነገር ስለሆነ እየተነነ ባዶውን እንደሚሞላ፣ የ3 ሊትርና የ4 ሊትሩ ሒሳብ ደረቅ አየር ላይ እንጂ ቤንዚን ላይ እንደማይሠራ ተከራከረ። ቁጥር 25 መምህሩ ነው፤ በሁለተኛው ነገር ግማሽ መንገድ ተቀበለው። ትነቱ ክፍተቱን በከፊል ይሞላል፣ ቁጥሩ በልኩ አይወጣም፣ አቅጣጫው ግን አይለወጥም። ስለ ቱቦው የማያውቀውን እንደማይከራከር ተናግሮ ተወው። እንዲህ ያለ ሰው መድረክ ላይ ብርቅ ነው።

ቁጥር 26፣ እኔ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አስሞልቼ ወጣሁ። ልክ እንደተባለው ይቡ ሳልደርስ ቆመች። ክዳኑን ስፈታው ታንኩ እንደ ሰው ተነፈሰ፤ ፊሽ አለ፣ ፌስታሉ ወደ ውስጥ ተሰርጉዶ ነበር። ወዲያው፣ ሳልጠብቅ፣ አስነሳኋት፤ ተነሳች። ቤት ተመልሼ ግን የቁጥር 24 ነገር ከነከነኝና ከጎረቤቴ ልጅ ጋር ታንኩን አወረድነው። ቀጭኗ ቱቦ ጫፏ በጭቃ ተደፍኗል፤ የጭቃ ተርብ ቤት ሠርቶባት ኖሯል፣ ጭቃውም እንደ ሸክላ ደርቋል። መቼ እንደሆነ እግዜር ይወቀው፣ ምናልባት በአባቴ ጊዜ። እስከ ግንቦት መኪናዋ ስትተነፍስ የኖረችው በላላው ክዳን ብቻ ነበር። እርሱንም እኔ በፌስታል ደፈንኩት። ቁጥር 24 በቱቦው፣ ቁጥር 21 በአየሩ ትክክል ነበሩ፤ ሁለቱም ግን ይህን ካነበቡ በኋላ ምንም አልጻፉም።

ቁጥር 27 አጋሮ ያለች የቡና ነጋዴ ናት፤ ስለ መኪና አንድም ቃል የላትም። ቡና ሽታ እንደሚሰርቅ፣ ሳሙና አጠገብ እንኳ እንደማይከመር፣ ቤንዚን አጠገብ ቡና የጫነ ሰው በክዳኑ ላይ መፍረድ እንደማይገባው ገሠጸችኝ። ቡናውን ከኋላ ወንበር ላይ ጫን፣ የክዳኑን ላስቲክ ቀይር፣ በቃ። ይህን ጋራዥ ውስጥ ማን ይነግረኝ ነበር?

ላስቲኩን ቀየርኩ፣ አዲስ ቱቦ አስገባሁ፣ ጫፏንም ተርብ እንዳይገባ በወንፊት ቁራጭ ሸፈንኩ። አስሞልቼ ወደ ጅሬን ዳገት እስከ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ወጥቼ ተመለስኩ። ምንም። በሚቀጥለው ቅዳሜ አጋሮ ሳልቆም ደረስኩ፤ እናቴ በጊዜ መምጣቴን አይታ ደነገጠች።

ስመለስ ቆመች።

ቁጥር 28 ላይ ይህን ስጽፍ አፍሬ ነበር። ግን አቋቋሟ የተለየ ነው። ክዳኑን ስከፍት ምንም ድምፅ የለም። ብጠብቅም በደንብ አትነሳም፤ በቀስታ ስነዳት ትሄዳለች፣ ፍጥነት ስጨምር ትንተፋተፋለች። በሁለተኛ ማርሽ እየተንፏቀቅኩ ጅማ የገባሁት ከመሸ በኋላ ነው።

ጋሼ በቁጥር 29 መለሱ፤ አልተገረሙም። ታንኩን ሳወርድና ሳገላብጥ ከሥሩ ተኝቶ የኖረውን ዝገት ቀስቅሼዋለሁ። ጅማ ዝናብ የሚበዛበት አገር ነው፣ ግማሽ ባዶ ሆኖ የሚያድር ታንክ ውስጡ ጤዛ ይይዛል፣ ከዓመታት በኋላ ዝገቱ ዱቄት ይሆናል። አሁን ወይ የታንኩ ወንፊት ወይ የፓምፑ ወንፊት ተይዟል። ታንኩን መልሼ ላውርድ፣ ቤንዚኑን ጨርሼ ላፍስ፣ ጥቂት ቤንዚንና አንድ እፍኝ ትናንሽ ብሎኖች ከትቼ እስኪደክመኝ ልናጠው፣ ልደፋው፣ የሚወጣው ቤንዚን ቡናማ መሆኑ እስኪቀር ልደጋግመው። ብሎኖቹን ቆጥሬ ላስገባ፣ ቆጥሬም ላውጣ። ከዚያ ማጣሪያ ማስገባት ከፈለግኩ ፊት፣ ታንኩ አጠገብ ላድርገው፤ ከሞተሩ በላይ የሚንጠለጠል የላስቲክ ማጣሪያ አንድ ቀን ተላቅቆ እሳት ያስነሳል።

ቁጥር 30 አጭር ናት። ያስገባሁት 25 ብሎን፣ ያወጣሁት 25። የወጣው ዝገት የቡና ሲኒ ሞላ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ቅዳሜ ተመላልሻለሁ።

ቁጥር 31 ጋሼ ናቸው። ከመኪናዋ ላይ የወረደው አሮጌ ፓምፕ የት እንዳለ ጠየቁኝ። አዲሱ ፓምፕ ዙሪያውን በፕሬስ የተገጠመ ነው፣ ሲበላሽ ይጣላል፤ የድሮው ግን በብሎን የሚከፈት ነው፣ ውስጡን ቀይረው መልሰው ይገጥሙታል፣ ጥፋትም አልነበረበትም። ትናንት ጋራዡ ሄጄ ጠየቅኩ። ጠረጴዛ ላይ፣ ነፋስ እንዳይወስደው የደረሰኝ ክምር ላይ ተጭኖ አገኘሁት። በቦታው ድንጋይ ተክቼ ፓምፑን ወሰድኩ፤ ዛሬ ማታ ለጋሼ አደርሰዋለሁ።